የአእምሮ ጤና ሕክምና በተማሪዎች ክሊኒክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተማሪ ክሊኒክ መጥቶ «ምን አመመህ?» ሲባል «ራሴን» ይላል። «ጨጓራዬን» ይላል። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። «ከፍቶኛል» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ግን እምብዛም አይገኝም። የአእምሮ ጤና ሕክምናን ከተማሪዎች ክሊኒክ ጋር ማዋሐድ የሚባለው ሐሳብ የሚነሳውም ከዚሁ ነው። ከተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከክሊኒክ ሠራተኞች በብዛት የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአለሁ።

ማዋሐድ ሲባል ምን ማለት ነው? ለሳይኮሎጂስት ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ክፍል መስጠት ነው?

ክፍል መስጠት ጥሩ ጅምር ነው። ግን ጎረቤት መሆንና አብሮ መሥራት ይለያያሉ። አንድ ኮሪደር ላይ እየሠሩ አንዱ የሌላውን ታካሚ የማያውቁ ባለሙያዎች አሉ። ሐኪሙ የእንቅልፍ መድኃኒት ያዝዛል። ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለው ሳይኮሎጂስት ደግሞ ያለ መድኃኒት እንቅልፍ ስለማስተካከል ያስተምራል። ተማሪዋ መሐል ላይ ግራ ይገባታል።

ተዋሐደ የምንለው ካርዱም የሕክምና ዕቅዱም አንድ ሲሆን ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ተማሪው ቀጠሮ ሲያሳልፍ «የት ጠፋ?» ብሎ የሚፈልገው አንድ የታወቀ ሰው መኖር አለበት። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይህን ሰው ነው። ወደ ታች ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

የምክር አገልግሎት ቢሮ አለ አይደል እንዴ? ለምን ክሊኒኩ ይነካካዋል?

ቢሮው አለ፣ ይኑርም። ሰው የሚጠፋው መንገዱ ላይ ነው። ነርሷ የሪፈር ወረቀት ጽፋ ትሰጠዋለች። ተማሪው አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ይከተዋል። ነገ እሄዳለሁ ይላል። ነገ ፈተና አለ። ከነገ ወዲያ ትንሽ የተሻለው ይመስለዋል። አንድ ቀን እስከ ቢሮው ድረስ ይሄዳል፤ ግን በሩ ላይ «የሥነ ልቦና ምክር» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ፣ ደረጃው ላይ ደግሞ የዶርሙ ልጆች ተቀምጠዋል። አልፎ ይሄዳል። ያ ወረቀት ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደብተሩ ውስጥ እንደታጠፈ ይገኛል።

ክሊኒክ ሲገባ ግን ማንም «ለምን?» አይለውም። ጉንፋንም ይሆናል፣ ክትባትም ይሆናል። በሩ የሁሉም ነው።

ዕድሜውም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. 2005 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ሰዎች በሕይወት ዘመናቸው ከሚያጋጥሟቸው የአእምሮ ሕመሞች ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ድረስ ባለው ዕድሜ እንደሚጀምር አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሌጅ ተማሪዎች ጥናት ደግሞ በ8 አገሮች፣ በ19 ኮሌጆች፣ 14 ሺህ ገደማ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. 2018 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት 35 ከመቶዎቹ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ የአእምሮ ሕመም እንደነበረባቸው የሚጠቁም መልስ ሰጥተዋል። ይህን ያህል ተማሪ አንድ ጥግ ላይ ባለ ቢሮ አይስተናገድም።

ለራስ ምታት ሄጄ ስለ ስሜቴ ለምን እጠየቃለሁ?

የደም ግፊታችሁ በሚለካበት ምክንያት ነው። ክንዳችሁን ስለተጠራጠረ የሚለካችሁ የለም፤ ማንም ሲመጣ ይለካል። ስሜትም እንደዚያው በመደበኛነት ሲጠየቅ «እኔን ብቻ ለዩኝ» የሚል ጥርጣሬ አይኖርም።

ብዙ ቦታ የሚጀመረው በሁለት ጥያቄ ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ያስደስታችሁ የነበረ ነገር ምን ያህል ጊዜ አልጥም አላችሁ? ምን ያህል ጊዜ ከፋችሁ፣ ተስፋ ቆረጣችሁ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ዘጠኙ ጥያቄዎች ይታለፋል። ይህ መጠይቅ ፒኤችኪው-9 ይባላል። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ይሠራበታል። ጠቅላላው 27 ነጥብ ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ባለሙያው ቁጭ ብሎ ማነጋገር አለበት። ለጭንቀት ደግሞ ጂኤዲ-7 የሚባል ባለ ሰባት ጥያቄ አለ።

ክሊኒኮች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መጠይቁን ለተማሪው መጠበቂያ ወንበር ላይ፣ ጓደኛው ትከሻው ላይ ሆኖ እያነበበ አትስጡት። እንዲህ ከተሞላ ሁሉም ዜሮ ነው። አንድ ጥግና አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ነጥቤ ከፍ ካለ ድብርት አለብኝ ማለት ነው?

ገና አይደለም። መጠይቅ እንደ ቴርሞሜትር ነው። ትኩሳት መኖሩን ይናገራል፣ ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ አይናገርም። የደም ማነስ ያደክማል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን ሲቀንስ ሰውን ያፈዛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ሐዘን ላይ ያለ ሰውም፣ ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ለፈተና ያጠና ሰውም ነጥቡ ከፍ ይላል።

እዚህ ጋ ነው ሕክምናው ክሊኒክ ውስጥ መሆኑ የሚጠቅመው። ደም መርማሪውም፣ ሐኪሙም፣ አነጋጋሪውም እዚያው ናቸው። ሐኪሙ አንድ ነገር ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም፦ «ያለ እንቅልፍ ለቀናት ጉልበት የሚሞላህ፣ ወሬህ የሚፈጥን፣ ገንዘብ እንደ ውኃ የምትበትንበት ጊዜ ነበር?» መልሱ አዎ ከሆነ ነገሩ ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም፣ ሊሆን ይችላል። የድብርት መድኃኒት ብቻውን ተሰጥቶት የሚባባስ ሰው አለ።

ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ጭንቅላት ውስጥ አይከትም?

አይከትም። በተደጋጋሚ የተጠና ነገር ነው፤ መጠየቅ ሐሳቡን እንደሚያመጣ ወይም እንደሚያባብስ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። እንዲያውም ብዙዎች ሲጠየቁ ይቀላቸዋል። ለወራት ብቻቸውን የተሸከሙትን ነገር አንድ ሰው ስሙን ጠርቶ፣ ሳይደነግጥ ጠየቃቸው ማለት ነው።

የፒኤችኪው-9 ዘጠነኛው ጥያቄ ስለዚሁ ነው። ተማሪው ስምንቱን ቶሎ ቶሎ አክብቦ ዘጠነኛው ላይ እስክሪብቶው ቆም ይላል። ቀና ብሎ በሩን ያያል። ከዚያ 0 ያከብባል። ጎበዝ ነርስ ቁጥሩን ብቻ አታይም፣ መቆሙን ታያለች። ወረቀቱን ተቀብላ ፋይል ውስጥ አትከትም። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «እዚህ ጋ ቆም ስትል አየሁህ። ስለ መሞት ታስባለህ?» ትላለች። ድምጿ «ሳል አለህ?» ስትል ከነበረው ድምፅ አይለይም።

መልሱ አዎ ከሆነ ምን ይደረጋል? ሁሉም ሰው በአምቡላንስ አይወሰድም። መጀመሪያ ሐሳብ ብቻ ነው ወይስ ዕቅድም አለ፣ መሣሪያው በእጅ አለ ወይ፣ ከዚህ በፊት ተሞክሮ ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አደጋው ቅርብ ከሆነ ተማሪው ብቻውን አይተውም፤ የድንገተኛ ሕክምና በዚያው ሰዓት ይጀመራል። ካልሆነ ግን ከተማሪው ጋር ተቀምጦ የደኅንነት ዕቅድ ይጻፋል። አንድ ገጽ ናት። ሊብስብኝ ሲል የማየው ምልክት ምንድን ነው? ብቻዬን ሆኜ ምን ያረጋጋኛል? ወዴት እሄዳለሁ፣ ለማን እደውላለሁ? የትኛው ባለሙያ ጋ? በመጨረሻም ሊጎዳኝ የሚችለውን ነገር ከአጠገቤ ማን ያርቅልኛል? ይህ የመጨረሻው እንደ ትንሽ ነገር ይታለፋል። እንደ እኔ ግን ከገጹ ሁሉ ከባዱ መስመር እሱ ነው። ክፉው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው። በዚያ ሰዓት መሣሪያው ሩቅ መሆኑ ብቻ ነፍስ ያተርፋል።

ዕቅዱ በተማሪው ቃል ይጻፍ። «ማኅበራዊ ድጋፍ እጠቀማለሁ» የሚል ተማሪ የለም። «ለታላቅ እህቴ እደውላለሁ» ነው የሚለው።

ከዚያ በኋላስ? ማን ምን ይሠራል?

በደንብ የተፈተነው አሠራር የትብብር ሕክምና ይባላል። ሦስት ሰዎች አሉበት። አንደኛው ተማሪውን መጀመሪያ ያየው የክሊኒኩ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ነው። ሁለተኛው ክትትሉን የሚይዝ ሰው ነው፤ ነርስ፣ ሶሻል ወርከር ወይም ሳይኮሎጂስት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ሐኪም ነው፤ እሱ ግን አብዛኞቹን ተማሪዎች በአካል አያያቸውም። በሳምንት አንዴ ከክትትል ሠራተኛው ጋር ተቀምጦ ዝርዝሩን ያያል፣ ይመክራል።

ዝርዝሩ ምን ይመስላል? ተራ ሠንጠረዥ ነው። የካርድ ቁጥር፣ የተጀመረበት ቀን፣ የመጀመሪያው ነጥብ፣ የአሁኑ ነጥብ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኙበት ቀን። ነጥቡ ከ18 ወደ 9 የወረደ ተማሪ ላይ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ሁለት ወር ሞልቶት 17 ላይ ያለው ግን ከላይ ይቀመጣል፤ «ያደረግነው አልሠራም፣ ምን እንቀይር?» ተብሎ ይመከርበታል። ሦስት ሳምንት ድምፁ የጠፋውም እንደዚያው። ክትትል ሠራተኛዋ ስልክ ታነሳለች፦ «ሐሙስ ጠብቄህ ነበር። ደህና ነህ?» ትላለች።

ከሁሉም በፊት ግን የመጀመሪያው ትውውቅ አለ። ሐኪሙ ወረቀት ጽፎ አይልክም። ተነስቶ ተማሪዋን ይዞ ሁለት በር ይራመዳል። «እሷ አብራን ትሠራለች፣ እኔ እንደማምናት እመኛት» ይላል። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ደብተር ውስጥ የምትቀረውን ያችን ወረቀት የሚተካት ይህ ነው።

ውጤቱን በቁጥር ለሚፈልግ፦ እ.ኤ.አ. 2002 የታተመው ኢምፓክት የተባለው የአሜሪካ ጥናት በ18 ክሊኒኮች 1,801 ሰዎችን ተከታትሏል። ከ12 ወር በኋላ በዚህ መንገድ ከታከሙት 45 ከመቶው የድብርት ምልክታቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሷል። በተለመደው ሕክምና 19 ከመቶ ብቻ ነበር። እርግጥ እነዚህ ሰዎች 60 ዓመት ያለፋቸው ናቸው እንጂ ተማሪዎች አይደሉም። ግን እ.ኤ.አ. 2012 ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱባቸው 79 ጥናቶች በአንድ ላይ ሲመረመሩም ለድብርትም ለጭንቀትም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ሳይካትሪስት የለንም። እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህ ጥያቄ ነው ብዙ ክሊኒክ እንዳይሞክር የሚያደርገው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. 2008 ኤምኤችጋፕ የተባለውን መርሐ ግብር የጀመረው ለዚሁ ነው። ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሐኪሞችና ነርሶች ድብርትን፣ የሱስ ችግርን፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብን በመመሪያ እየታገዙ እንዲያክሙ ያሠለጥናል።

ከዚያም ወረድ ብሎ መሥራት ይቻላል። ዚምባብዌ ውስጥ፣ ሐራሬ፣ ከክሊኒክ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው የሚያነጋግሩ የሠለጠኑ አያቶች አሉ። «የወዳጅነት ወንበር» ይባላል። የሕክምና ዲግሪ የላቸውም። እ.ኤ.አ. 2016 በታተመው ጥናት እነሱ ያነጋገሯቸው ሰዎች ከሌሎቹ በግልጽ ተሽሏቸው ተገኝተዋል። ግን አያቶቹ ብቻቸውን አልተተዉም። ሥልጠና አለ፣ የሚደገፉበት አለቃ አለ፣ ከባድ ሲሆን የሚልኩበት ቦታ አለ። የሠለጠነ ሰው ያለ ድጋፍ ከተተወ ራሱም ይታመማል። ሳይካትሪስቱ ሌላ ከተማ ቢሆንም በሳምንት አንድ ሰዓት በስልክ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው።

ምስጢሬስ? ዲኑ ወይም ቤተሰቤ ያውቃሉ?

ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ይህንን ነው፣ ፍርሃቱም ልክ ነው። መሠረቱ ግልጽ ነው፦ የሕክምና ካርዳችሁ የትምህርት ፋይላችሁ አይደለም። መምህር፣ የዲፓርትመንት ኃላፊ፣ ፕሮክተር አያዩትም። ዕድሜያችሁ ለአካለ መጠን ከደረሰ ወላጅም ያለ ፈቃዳችሁ አይነገረውም። ከሕጉ ወጣ የሚባለው ለእናንተ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት የቀረበ አደጋ ሲኖር ነው፤ ፍርድ ቤት ሲያዝም አለ። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያልና በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ክሊኒክ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ምስጢር በብዛት የሚወጣው ግን በሐኪም አፍ አይደለም። ኮሪደር ላይ ነው። ስም ተጠርቶ «የአእምሮ ክፍል ግቢ!» ሲባል ሠላሳ ሰው ዞር ይላል። ካርድ ክፍል ውስጥ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ ተማሪ የክፍል ጓደኛውን ካርድ ሲያነሳ ነው። ስለዚህ ክፍሎች በቁጥር ብቻ ይጠሩ። የንግግሩ ዝርዝር ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ሌላው ሐኪም የሚያስፈልገው የሕመሙ ስም፣ መድኃኒቱና ዕቅዱ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ካርዱን ማን እንደከፈተው ይመዝገብ፣ መዝገቡንም የሚያይ ሰው ይኑር።

ለመምህር ማስረጃ ካስፈለገ «በዚህ ቀን በክሊኒኩ ታክሟል» ማለት በቂ ነው። የሕመሙ ስም አያስፈልግም።

መድኃኒት ቢያዝዙልኝ በዚያው ሱስ ይሆንብኛል?

ለቀላል ድብርትና ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ንግግር፣ እንቅልፍ ማስተካከልና ወደ ቀድሞ እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ መመለስ ነው። ከበድ ሲል መድኃኒት ይጨመራል። የተለመዱት የድብርት መድኃኒቶች እንደ አልኮል ሰውን አያስመኙም፣ ሱስ አይሆኑም። ግን በድንገት ሲቆሙ ማዞርና መነጫነጭ ስለሚያመጡ በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ነው የሚቆሙት። የሚያረጋጉት እንደ ዲያዜፓም ያሉት ግን ሌላ ናቸው፤ እነሱ ሱስ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ የሚተወው ይህን ማንም ሳይነግረው ስለቀረ ነው። ሁለተኛ፣ ከ25 ዓመት በታች በሆኑ ሰዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. 2007 ማስጠንቀቂያውን እስከ 24 ዓመት ድረስ አስፍቶታል። ተማሪ ማለት በትክክል ይህ ዕድሜ ነው። «መድኃኒቱን አትውሰዱ» ማለት አይደለም። አንድ ወር ሙሉ ውሰድ ብሎ መሸኘት ግን አይሆንም፤ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት መገናኘት የግድ ነው።

ግቢ ሲዘጋ ምን ይሆናል?

ይህን የጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው። ክሊኒኮችም ብዙ አያስቡበትም። ሌላ ታካሚ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ሰፈር ነው፣ ተማሪ ግን ይበተናል። መድኃኒቱ ዕረፍት መሐል ላይ ያልቅበታል። ቤተሰብ መታከሙን አያውቅም፣ ስለዚህ «ገንዘብ ስጡኝ» ማለት ይከብደዋል።

መዝጊያው ከመድረሱ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ክትትል ሠራተኛው ዝርዝሩን ይዞ እያንዳንዱን ይጠይቅ። ወዴት ትሄዳለህ? እዚያ ማን አለ? መድኃኒቱ ስንት ቀን ያደርስሃል? በየትኛው ቀን ልደውል? ተመራቂ ከሆነ ደግሞ ካርዱ አጠር ብሎ ተጽፎ በእጁ ይሰጠው። እንጂ አዲስ ከተማ ላይ ታሪኩን ከዜሮ እንዲጀምር አይተው።

ጓደኛዬ ደህና አይደለም፣ ግን «ክሊኒክ አልሄድም» አለ። ምን ላድርግ?

«የአእምሮ ሕክምና ሂድ» አትበሉት። «እንቅልፍ ካጣህ ሰነበትክ፣ ነገ አብሬህ ልሂድና እንታይ» በሉት። አብሮ መሄድ ከምክር ይበልጣል። ስለ መሞት ካወራ ግን ምስጢሩን ለመጠበቅ ቃል አትግቡለት።

ልንጀምር ነው። ከየት እንነሳ?

ሁሉንም ተማሪ በመመርመር አትጀምሩ። ሺህ ሰው ጠይቃችሁ ሁለት መቶው አዎ ቢል ማን ያየዋል? ሰውን ቁስሉን አስከፍቶ ባዶ እጅ መሸኘት ከአለመጠየቅ ይብሳል። መጀመሪያ አንድ ክትትል ሠራተኛ መድቡ፤ የክትባት ሥራም፣ የመድኃኒት መደብርም አትደርቡበት። ከዚያ ሠንጠረዡ፣ ከዚያ የሳምንቱ አንድ ሰዓት። የድንገተኛ መንገዱን ጻፉት፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛዋ ለማን እንደምትደውል ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ከዚህ በኋላ ሃያ ተማሪ ተቀበሉ፣ በእነሱ ተማሩ።

ዛሬ ማታ ባሰብኝ፤ ክሊኒኩም ተዘግቷል።

ነገ ጠዋትን አትጠብቁ። መጀመሪያ ብቻችሁን አትሁኑ፤ የዶርም ጓደኛ ቀስቅሱ፣ ወይም ተረኛ ጥበቃው ጋ ሂዱ። «ራሴን እንዳልጎዳ ፈርቻለሁ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንደዚሁ በሉት፣ አታለሳልሱት። ራሳችሁን ልትጎዱበት የምትችሉት ነገር ክፍሉ ውስጥ ካለ ሌላ ሰው ይውሰደው። ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ለዚህ ምክንያት መምጣት ደረት አሞኝ ብሎ ከመምጣት አያንስም። ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት ደግሞ አብሯችሁ ያደረው ሰው ይዟችሁ ይምጣ።